ሽማግሌ የላክሁበት ክረምት

ሐምሌ ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ የማያስል ሰው አላውቅም። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ሕፃኑም አዛውንቱም ጉሮሮውን እየጠረገ ነው ክረምቱን የሚገፋው። እዚሁ ተወልጄ ስላደግሁ ሳል ሰምቼ ዞር ብዬ አላውቅም ነበር። ኮሮና የገባ ዓመት ግን የሦስት ዓመቷ ልጄ ባሳለች ቁጥር እየዘለልኩ አፏን በነጠላዬ ጫፍ እይዝ ጀመር። በሽታውን ፈርቼ ብቻ አልነበረም። ከግድግዳው ወዲያ አከራያችን ነበሩ፤ ሳሏን እንዳይሰሙ ነበር የምፈራው።

የተከራየነው አንዲት ክፍል ነበረች። ከዋናው ቤት ጎን ተቀጥላ የተሠራች ስለሆነች አንዱ የጭቃ ግድግዳዋ ከአከራያችን መኝታ ቤት ጋር የጋራ ነው። እሳቸው ሲያዛጉ እንሰማለን፤ እኔና ባሌ ስንጣላ ደግሞ እሳቸው ይሰማሉ። "እትዬ" ነበር የምላቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው ከሞቱባቸው የቆዩ፣ አስም ያለባቸው ሴት ነበሩ። አንዲት ልጃቸው አዲስ አበባ ናት። የሚኖሩት በባላቸው ጡረታና በኪራይ ነው። ጓሮ ያለችውን ክፍል ይዞ የነበረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትምህርት ሲዘጋ ሻንጣውን አንጠልጥሎ አገሩ ገባ። ስለዚህ ኪራይ ማለት እኛ ብቻ ሆንን።

እኛ ደግሞ መክፈል አቃተን። እኔ በአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት አስተምር ነበር። የተዘጋ ጊዜ የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ ሰጡን፣ የሁለተኛውን ግማሹን፣ በሦስተኛው ወር የትምህርት ቤቱ ባለቤት ስልካቸውን ማንሳት ተዉ። ባሌ የሰው ሚኒባስ ይዞ አንኮበር መስመር ይሠራ ነበር። መጀመሪያ መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት በግማሽ ወንበር ጫኑ ተባለ፤ በግማሽ ወንበር ነዳጅ እንጂ እንጀራ አይወጣም። የመኪናው ባለቤት አንድ ሳምንት አይቶ መኪናውን ግቢው ውስጥ አቆመውና ቁልፉን ተቀበለው።

በሬዲዮ ተከራይ ማስወጣት ክልክል ነው ሲባል ሰምተናል። ጎረቤቶቼም "ምን ያንቀጠቅጥሻል፣ አዋጅ አለልሽ" ይሉኝ ነበር። አዋጅ የሚጠቀሰው ለማያውቁት አከራይ ነው። እኔ ምጥ የያዘኝ ቀን ዝናብ ላይ ወጥተው መኪና የለመኑልኝን፣ ከወለድኩ በኋላ ገንፎ አገንፍተው ያጎረሱኝን ሴትዮ ቀበሌ ሄጄ ልከሳቸው ነው? ይህን ሳስበው ራሴን እጠላለሁ። አለመክፈሌንም ሳስበው እንዲሁ።

እትዬ በሽታው ገባ ከተባለ ቀን ጀምሮ ለማንም በር አልከፈቱም። ልጃቸው በየቀኑ ትደውላለች። የስልኩን ድምፅ ለቀው ስለሚያወሩ ሁሉን እሰማለሁ። "እማዬ፣ አስም ያለበትን ሰው አያተርፍም ነው የሚሉት። ለማንም እንዳትከፍቺ። ለተከራዮቹም ቢሆን።" ቧንቧው አንድ ስለሆነ እሳቸው በጠዋት ይቀዳሉ፣ እኛ እሳቸው ገብተው በሩን ሲዘጉ እንወጣለን። ልጄ ከዚያ በፊት ውሎዋ እሳቸው ጭን ላይ ነበር። አሁን በሩን በትንሽ መዳፏ እየደበደበች ስትጮህ፣ "ሂጂ እናቴ፣ ሂጂ የኔ ዓለም፣ እማማ አሟታል" ይሏታል ከውስጥ። ከዚያ ሲያለቅሱ በግድግዳው እሰማቸዋለሁ።

ወር በመጣ ቁጥር ግድግዳውን ቆርቆር አድርጌ "እትዬ፣ በሚቀጥለው ወር አንድ ላይ እንከፍላለን" እላለሁ። "ምን ቸገረኝ ልጄ፣ ይደርሳል" ይላሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔም ከየትም እንደማላመጣው አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ሰኔ ሲያልቅ መስኮቱ ጋ ጠሩኝ። አፋቸውን በሻሽ ሸፍነዋል፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ሊነግሩኝ የፈለጉት ነገር እንደከበዳቸው ገባኝ።

"አንቺ ልጅ፣ አትቀየሚኝ" አሉ። "ልጄ የስድስት ወር ቀድሞ የሚከፍል ሰው አግኝታለች። የሚነፋው መድኃኒቴ ዋጋው ጨምሯል፤ ጡረታው ለእሱም አልበቃ አለ። ሐምሌ ሳያልቅ ቤቱን ብትለቁልኝ።"

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ዞሬ ስሄድ ግን እግሬ የማንን ቤት እንደሚረግጥ አላወቀም።

ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ልጄን የሚይዝልኝ ስላልነበረ አዝያት ነው የምዞረው። ባሌ የቀን ሥራ ቢገኝ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ይወጣል። አንዲት ሴትዮ በራቸው ላይ ሆነው ከሩቅ ጠየቁኝ። ስንት ናችሁ አሉ፤ ሦስት አልኩ። ሥራችሁ ምንድን ነው አሉ፤ ዋሸሁ። የሚያስል ሰው አላችሁ ወይ አሉ፤ "ኧረ የለንም" ከማለቴ ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆና ሁለት ጊዜ አከታትላ ሳለች። ሴትዮዋ የቆርቆሮ በራቸውን ዘጉት፤ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁ። መንገድ ላይ ልጄን ቆነጠጥኳት። ምን እንዳጠፋች እንኳ ሳታውቅ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

የባሌ አገር አንኮበር ነው። አባቱ ካህን ናቸው፤ ገብስና ባቄላ ያርሳሉ፤ ቤታቸው ለእኛ አይጠብም። ባሌ ደውሎ "አባባ፣ ክረምቱን እናንተ ጋ እንለፍ" አላቸው። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ "ከከተማ የመጣ እንዳይገባ ተብሎ መንገዱ ላይ ጎረምሳ ቆሟል፤ በመዘዞው መንገድ በኩልም እንዲሁ ነው አሉ። ባለፈው የአንዱን ልጅ ከነሚስቱ በዝናብ መልሰውታል። እኔም ሽማግሌ ተብዬ ከወሰኑት መሐል ነኝ። ልጄ፣ አንተን ከመንገድ ስመልስ እንዳልታይ፣ እባክህ አትምጣ።" ባሌ ስልኩን ዘጋው።

ያኔ ነው ሽማግሌ የመላክ ሐሳብ የመጣልኝ። የኔ ሐሳብ ነው፤ በማንም አላመካኝም። እኛ አገር የተቀየመ ሰው የሚታረቀው፣ ያበደረ ሰው ጊዜ የሚሰጠው፣ ልጁን አልድርም ያለ አባት የሚረታው በሽማግሌ ነው። ለኔ እምቢ ያለ ሰው፣ በሩ ላይ ለቆሙ ሽማግሌዎች እምቢ ለማለት ይከብደዋል። ሦስት ሰው መረጥኩ። አንደኛው የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሁለተኛው ጎረቤታችን ጡረተኛው ልብስ ሰፊ፣ ከእትዬ ባል ጋር አብረው ያደጉ። ሦስተኛው የእትዬ የነፍስ አባት፣ አባ የምንላቸው ቄስ ናቸው። እሳቸውን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ለነፍስ አባቷ በር የማትከፍት ሴት እኛ ሰፈር የለችም።

ባሌ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ።

"አብደሻል? ሴትዮዋ እኮ አስም አለባቸው። ስንት ወር ሙሉ ሰው አላዩም። ሦስት ሽማግሌ ልትሰጂባቸው ነው?"

"ከደጅ ሆነው ነው የሚያናግሯቸው።"

"በስልክ ይለምኑልን።"

"ሽማግሌ በስልክ ተልኮ ያውቃል?" አልኩት። "ሰው ይስቅብናል። ደግሞስ ስልክ ይዘጋል፤ የቆመ ሰው ግን አይዘጋም።"

አፌ ስለታም ነው፤ ባሌ በክርክር አሸንፎኝ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ምነው ባሸነፈኝ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ሐምሌ መጀመሪያ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ዝናቡ ይወርዳል። እኔ በራችንን ገርበብ አድርጌ በስንጥቁ አያለሁ። ሦስቱም ጥላ ይዘው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ከእትዬ በር ሁለት ክንድ ያህል ርቀው ቆሙ። የእድሩ ዳኛ ጀመሩ፦ "ለልመና ነው የመጣነው። እሺ እስክንባል አንሄድም፣ አንቀመጥምም።"

እትዬ መስኮቱን ከፈት አድርገው "ውይ በሞቴ፣ በዚህ ዝናብ! አባቴንም ይዛችሁ!" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ያለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ፤ ልጄን ሂጂ ሲሏት የሚያሰሙት ድምፅ ነበር። "ስለ ልጆቹ ከሆነ እኔም አዝኛለሁ። በስልክ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?" አሉ።

"ልመና በስልክ አይሆንም" አሉ ልብስ ሰፊው። እኔ ለባሌ ያልኩትን ነው ያሉት፤ ማናችንም ብንሆን ሌላ አናውቅም።

ዝናቡ ባሰ። የአባ ጥላ በነፋስ ተገለበጠ። ነጭ ጥምጥማቸው ሲርስ፣ ውኃው በጢማቸው ሲወርድ አየሁ። እትዬም አዩ። አንዲት የደብረ ብርሃን እናት፣ የነፍስ አባቷ ደጇ ላይ በዝናብ ሲበሰብሱ በመስኮት እያየች ልትቀመጥ አትችልም። የበሩ መቀርቀሪያ ሲላቀቅ ሰማሁ። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይየኝ፣ መቀርቀሪያው ሲላቀቅ ደስ አለኝ።

ገቡ። እኔም በሩን ትቼ ከግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ብርድ ስለሆነ በሩንም መስኮቱንም ዘጉት፤ እትዬ ከሰል ያለበትን ማንደጃ ወደ እነሱ ሲገፉት ሰማሁ። አረቄ ቀዱላቸው፤ ያን ሰሞን አረቄና ነጭ ሽንኩርት በሽታውን ይገድላል ይባል ነበር። የእድሩ ዳኛ ሲያስሉ ሰማሁ። ልብስ ሰፊውም አሳሉ። ሐምሌ ነው፣ ሁሉም ሰው ያስላል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ስለ ጥንቱ፣ ስለ ባላቸው፣ ስለ እድሩ አወሩ። እትዬ ሳቁ። ከስንት ወር በኋላ ሲስቁ መስማቴ ነበር። በመጨረሻ "እስከ መስቀል ይቆዩ። ለእናንተ ስል፣ ልጄን እኔ አሳምናታለሁ" አሉ። አባ መስቀላቸውን ግንባራቸውንና ከንፈራቸውን አስነክተው ሲያሳልሟቸው፣ "አሜን፣ አሜን" ሲሉ ሰማኋቸው።

ባሌ ማታ ሲመጣ "ተሳካ!" ብዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። እሱ አልሳቀም። "ገቡ እንዴ ውስጥ?" ብቻ አለኝ።

ዘጠኝ ቀን ያህል ምንም አልነበረም። በአሥረኛው ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ ሳል ሰማሁ። የእትዬን የአስም ሳል አውቀዋለሁ፤ ያፏጫል፣ መድኃኒቱን ሲነፉ ይቆማል። ይኼ ደረቅ ነው፣ አይቆምም። የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩና ቆምኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል።

"እትዬ?" አልኩ ግድግዳውን ቆርቁሬ።

"ብርድ ነው ልጄ። ብርድ ነው።"

በማግስቱ "ብርድ ነው" ማለትም ከበዳቸው። ለልጃቸው ልደውል ስል "ታስጨንቂያታለሽ፣ ተይ" አሉኝ። ሰማኋቸው። ያንን አንድ ቀን ለምን እንደሰማኋቸው ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ለእሳቸው ብዬ ነው እል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ልጅቱ "ማን ገብቶ ነበር?" ብትለኝ የምመልሰው ስላልነበረኝም ነው።

በሦስተኛው ቀን መተንፈሳቸው በግድግዳው አልፎ ይሰማ ነበር። ልጄን ለባሌ ሰጥቼ ነጠላዬን አፌ ላይ አጥፌ አሰርኩና ገባሁ። ፊታቸው ተለውጧል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሲያዩኝ በእጃቸው ሂጂ ሂጂ አሉኝ። ሄጄ አጥሚት ሠርቼ ተመለስኩ። በማንኪያ ሳጠጣቸው ግማሹ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። ልጄን እያሰብኩ ነበር፤ ይኼን ነገር ይዤላት ልገባ ነው እያልኩ። እሳቸውን ትቼ መሮጥ ፈልጌ ነበር፣ ይህንንም አልደብቅም። ከዚያ ለልጃቸውም ለሕክምናውም ደወልኩ።

አምቡላንሱ የመጣው ቀትር ላይ ነው። ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ ዓይናቸው እንኳ በደንብ አይታይም። ሰፈሩ ሁሉ በቆርቆሮ ቀዳዳ ያያል እንጂ አንድም ሰው አልወጣም። እትዬን በቃሬዛ ሲያወጧቸው ራቂ ተባልኩ። እሳቸው ግን በጣታቸው ጠሩኝ። ነጭ ለባሹ "ቶሎ" አለኝ። ጎንበስ አልኩ።

"ሽማግሌ መግባቱን ለልጄ እንዳትነግሪያት" አሉኝ። ቃሉን አንድ በአንድ እየተነፈሱ ነው ያወጡት። "አትክፈቺ ብላኝ ነበር። ትቆጣኛለች።"

"አልነግራትም፣ እትዬ።"

"በሞቴ በዪ።"

"በሞትዎ።"

በሩ ተዘጋና ሄዱ። የእናቷን ቁጣ የምትፈራ ሕፃን ልጅ ነበር የሚመስሉት።

እኛን ቤት ውስጥ ቆዩ አሉን፤ አፍንጫችን ውስጥ እንጨት ከትተው ናሙና ወሰዱ። እነዚያን ቀናት እንዴት እንደኖርናቸው አላውቅም። የልጄን ግንባር በየሰዓቱ እዳስሳለሁ። ባሌ ካሳለ እንተያያለን። ጎረቤት በር ላይ ምግብ አስቀምጦ፣ ቆርቆሮውን መትቶ ይሮጣል። ከሁሉ የከፋው ግድግዳው ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ሳንሰማ አድረን አናውቅም፤ ሬዲዮ፣ ጸሎት፣ የአልጋ ሲጢጥታ። አሁን ምንም የለም። ልጄ ግድግዳውን በመዳፏ እየመታች "እማማ" ትላለች፣ ከዚያ ጆሮዋን ለጥፋ ትጠብቃለች።

በስምንተኛው ቀን ሞታቸውን በስልክ ሰማን። የእኛ ውጤት ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ ከቤት መውጣት አልቻልንም። የቀበሯቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ልጃቸውም ከሩቅ ቆማ ነው ያየችው አሉ። የእድር ጡሩንባ አልተነፋ፣ ድንኳን አልተተከለ። አልቅሼ ድምፄን እንኳ ማውጣት ፈራሁ፤ ሰፈሩ ሰምቶ እኛም የያዘን እንዳይመስለው።

የእኛ ውጤት ነፃ ሆነ። አባም ደህና ናቸው፣ የእድሩ ዳኛም ደህና። ልብስ ሰፊው አንድ ሳምንት ተኝተው ነበር፤ "የሐምሌ ጉንፋን ነው" ብለው ተነሡ፤ አልተመረመሩም። እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም። ምናልባት የእትዬ ልጅ ከአዲስ አበባ በሰው የምትልክላቸው አስቤዛ በሽታውን ይዞ መጥቶ ይሆናል፤ ምናልባት ሌላ። ሐኪሞቹ ከየት እንደመጣ አይታወቅም አሉ። ባሌም ይህንኑ ይደጋግምልኛል። ያን እሑድ "ገቡ እንዴ ውስጥ?" ብሎ የጠየቀኝን ግን እሱም እኔም አንስተነው አናውቅም።

የእትዬ ልጅ ግቢያችን የመጣችው ለአርባቸው ነው። ግቢው ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ ተራርቀን ቆምን። ጠቁራ፣ ከስታ፣ ቁርጥ እናቷን መስላለች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

"አንቺ እዚህ ነበርሽ። እማዬ ለሰው ከፍታ ነበር? እንደማትከፍት ምላልኝ ነበር። ማን ገብቶ ነው?"

ምን ያለበት ዝላይ አይችልም። እትዬ በሞቴ በዪ ያሉኝ ጆሮዬ ላይ ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ስለ መሐላው ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። መስቀል አሥራ ምናምን ቀን ነው የቀረው፤ ባሌ ሥራ አላገኘም፤ ልጄ በር ላይ ቆማ ታስላለች። ብነግራት ያን ቀን እንወጣ ነበር።

"እኔ እንጃ እቴ" አልኩ። "ሰው ሲገባ አላየሁም።"

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። "እኔ ልጇ አጠገቧ አልነበርኩም። አንቺ ገብተሽ አጥሚት አጠጥተሻታል አሉኝ። ሰው ሁሉ በሸሸበት። ይኼን አልረሳውም። ቤቱን ጠብቁልኝ እንጂ ኪራይ አልፈልግም፤ የቀረባችሁንም ትቼዋለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት።

ለሽማግሌዎቹ የነገርኳቸው ሁለት ወር እንዲለምኑልኝ ነበር። ዓመት ከአምስት ወር ያለ ኪራይ ኖርን። ባሌ ሥራ ጀመረ፣ እኔም ትምህርት ቤት ተመለስኩ፣ ልጄ አድጋ ሳሏ ለቀቃት። ሌላ ቤት ከገባንም ቆየን። የእትዬ ልጅ ግን አሁንም በየበዓሉ ትደውልልኛለች። ልጄን በስም ጠርታ ትጠይቃለች፣ ዶሮ መግዣ ትልካለች። ሁልጊዜ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ትለኛለች፦ "እናቴን የቀበርኩት ከሩቅ ነው። አንቺ ስላለሽ ነው የምጽናናው።"

ባለፈው ፋሲካም እንዲሁ አለችኝ። እኔም እንደ ወትሮው አሜን አልኩ።